የእንጨት ጥናት በስሜ ገብቷል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ደሴ)፦
ሰላም ናችሁ? ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምጽፈው ከ3 ወር በላይ ስለቆየ የወገብ ሕመምና ስለ ማገገሚያው ነው። ጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) ገጼ ላይ ግን የባሕር ዛፍ ጣውላ እርጥበትና ጥንካሬ የሚያጠና ሞክሼዬ ጽሑፎች ተደርድረዋል። የሰው ልፋት ለእኔ መቆጠሩ በጣም ከንክኖኛል።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ። እነዚህ የጽሑፍ ማውጫዎች የአባትሽን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። ያንቺ ስም በአንድ ፊደል ሲያጥር ከስንቱ ጋር ይገጥማል! ከሞክሼዎችሽ የሚለይሽን የተመራማሪ መለያ፣ ኦርኪድ (ORCID)፣ አውጪ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ባለ16 አሃዝ ነጻ መለያ ነው። ጉግል ስኮላር ገጽሽ ላይ የእንጨቶቹን መርጠሽ ሰርዢ። ጽሑፍ በራሱ እንዲጨምር የሚያደርገውን ምርጫም አጥፊው።

መልስ (ወልዲያ)፦
ስኮፐስ የተባለውን ሌላ የምርምር ጽሑፎች ማውጫም እዪ፤ ማስተካከያ ይጠየቅበታል። የአያትሽንም ስም ጨምሪ፣ አጻጻፉን ግን አትቀያይሪ።

ጠያቂዋ፦
አላህ ይስጥልኝ። ለሞክሼዬም ኢሜይል እልክለታለሁ፤ የእኔም ጽሑፍ እሱ ዘንድ ገብቶ ይሆናል።