ማውሱን ከአባዬ እጅ መውሰድ ተውኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ሀገር ቤት ላሉ ወላጆቻችሁ ላፕቶፕ ልትልኩ ያሰባችሁ ስላላችሁ የእኔን ላካፍላችሁ። እኔ ቶሮንቶ ነኝ፤ አባዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ጡረታ የወጣው ከምድር ባቡር ነው። (እኛ ድሬዎች አንቱ አናበዛም። አባዬን አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት።)

ላፕቶፑን ይዤለት የሄድኩ ጊዜ ሦስት ሳምንት አስተማርኩት። ፋይል ይሄ ነው፣ ፎልደር ይሄ ነው እያልኩ ለፈለፍኩበት። ሁለቴ መጫን እምቢ ሲለው ማውሱን ከእጁ ወስጄ ራሴ እጨርሰው ነበር። ቶሮንቶ እንደተመለስኩ ዘጋው፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለበሰው፣ በቃ። ስጠይቀው «አቦ ተይኝ ልጄ፣ ይሄ የእናንተ ነው» አለኝ። ልቤ ተሰበረ።

ነገሩን የቀየረው ፈረንሳይኛ ነው። በድሮው ባቡር፣ በሸመንደፈር፣ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። አባዬ ስንት ዓመት የመለዋወጫ ዝርዝር በፈረንሳይኛ ሲያነብ ኖሯል። እንግሊዝኛ ግን ያስጨንቀዋል። እኔ ይሄን እያወቅኩ አላሰብኩትም! የአክስቴ ልጅ የዊንዶውሱን ቋንቋ ፈረንሳይኛ አደረገለት። አባዬ «ኮርቤይ» የሚለውን (የተሰረዘ ፋይል የሚገባበትን) አንብቦ «ቅርጫት ነዋ!» አለ። እኔ ያንን ቅርጫት ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጅቼ ነበር። በዚያው ሳምንት ዩቲዩብ ላይ ራሱ ጽፎ የድሮ ባቡሮች ቪዲዮ አገኘ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ድሬ ስለመድረሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያይ አደረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ጽሑፉን 150 በመቶ አሳደግንለት። ሁለቴ የሚጫነውን አንዴ አደረግነው። የላቲን ፊደል ስለሚያውቅ፣ ድምፁን ሲጽፍ ወደ ፊደላችን የሚቀይረውን ኪቦርድ ቶሎ ለመደው። ድሬ ደግሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ፍራሽ ላይ ሲያስቀምጠው ማራገቢያው እየታፈነ ይጠፋበት ነበርና አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ ጥፋቴን ግን ልንገራችሁ። ኤኒዴስክ (ከሩቅ ሆኖ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ለማየትና ለማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራም) ተጭኖለት ከዚህ ሆኜ ስክሪኑን አያለሁ። መጀመሪያ ቀን ሳልነግረው ቀስቱን አንቀሳቀስኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ልጄ፣ እጄን ያዝሽኝ እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አያለሁ እንጂ አልነካም። «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ጋ» እላለሁ፤ እሱ ይጫናል፤ በራሱ ደብተር በእጁ ይጽፈዋል። ያ ደብተር እኔ ካስተማርኩት ሁሉ ይበልጣል። እባካችሁ፣ ቢዘገዩም ታገሷቸው። የኤኒዴስኩን ቁጥር ደግሞ ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አጥብቄ ነግሬዋለሁ። እናንተም ንገሯቸው፤ በዚያ መንገድ የሚያጭበረብሩ አሉ።

ሰዓቱንም አስቡ። እሁድ ጠዋት በዚህ አራት ሰዓት ላይ ነበር የምደውለው። በካናዳ በጋ (ሰኔ፣ ሐምሌ) ያኔ ድሬ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ኅዳር አካባቢ እዚህ ሰዓት ሲቀየር አስራ ሁለት ይሆናል፤ አባዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ጠበቀኝ። አሁን በእሱ ሰዓት ነው የምደውለው፤ የምለውጠው እኔ ነኝ።

ዛሬ ከላፕቶፑ አይለይም። ዜናውን ያነባል፣ ጅቡቲ ላሉ የድሮ ባልደረቦቹ ይጽፋል፣ የሥራ ዘመን ፎቶዎቹን ወንድሜ ስካን አድርጎለት በዓመተ ምህረት ለይቶ አስቀምጧል። ባለፈው መብራት ሲቆራረጥ ፎቶዎቹ የጠፉ መስሎት በጣም ደነገጠ። ድምፁን ስሰማ እኔም ደነገጥኩ። አልጠፉም፤ ግን ሌላ ቅጂ ያስፈልጋል።

ለታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የምትሄዱ ካላችሁ፣ አንዲት ትንሽ ሃርድ ዲስክ ትይዙልኛላችሁ? ከኪስ አትበልጥም። አባዬ ድሬ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ይቀበላችኋል።