ጠዋት 36፣ ሐረር ስደርስ 41፦ የጎማዬን ንፋስ ላስቀንስ?

ጠያቂ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና አለችኝ፤ ሥራዬ ሐረር ስለሆነ በደንገጎ እመላለሳለሁ። ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ የአራቱንም ጎማ ንፋስ 36 PSI (የግፊት መለኪያ) ያሳየኛል፣ ሐረር ስደርስ 41 ይሆናል። እዚያ አንድ ጎሚስታ «በዚህ ሙቀት ይፈነዳብሻል» ብሎ ሁሉንም ወደ 35 አወረደው። በማግስቱ ድሬ ላይ ሳየው 31 ሆኗል፤ የማስጠንቀቂያው መብራት ግን አልበራም። የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው፣ 250 የሚል ቁጥር ብቻ ለየሁ። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ 50 ተጽፏል። የቱን ልያዝ? ልጆቼንም ስለምጭን አሳስቦኛል።

የለገሃሬ ሹፌር፦
እህቴ፣ ዛሬውኑ አስሞይው። 250 ኪሎፓስካል ማለት 2.5 ባር፣ በጎሚስታ ቤት መለኪያ 36 ነው። ትክክል የነበረው የጠዋቱ ነው። ጎማው ላይ ያለው 50 ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ የመኪናሽ ልክ አይደለም። የበሩ ቁጥር የሚሠራው ለቀዝቃዛ ጎማ ነው፦ ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ፣ ፀሐይም ያልመታው። በድሬ ይህ የሚገኘው ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ረፋዱ ላይ በፀሐይ በኩል ያለው ጎማ ብቻውን ከፍ ብሎ ያሳስትሻል።

አባል (ከዚራ)፦
አቦ፣ እኛ ሚኒባስ ስንነዳ በሙቀት ወራት 2 እና 3 እንቀንስ ነበር፤ ምንም አልሆንም።

መካኒክ (ሐረር)፦
ወንድሜ፣ ይሄን ልማድ ብንተወው ይሻላል፤ በተለይ ለኤሌክትሪክ መኪና። ባትሪው ብቻ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኩንታል ይመዝናል። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዚያ ክብደት ሥር ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይሄዳል፤ የሚያግለውም ይሄው መታጠፍ ነው። በሙቀት ጎማ የሚፈነዳው በአብዛኛው ንፋስ አንሶት ነው።

ለጠያቂዋ፦ ጎማው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 2 ገደማ ይጨምራል። ከፍታም አለበት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ላይ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1 ያህል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ 41 የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ጎማ ሲሠራም ይህ ጭማሪ ታስቦበት ነው። የጋለ ጎማ ንፋስ አይቀነስም። መብራቱንም አትጠብቂ፤ ብዙዎቹ የሚበሩት ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲጎድል ነው። 36 ለሚፈልግ ጎማ ከ29 በታች መሆኑ ነው፤ 31 ሳይታወቅ ያልፋል። በዚያ መንዳት ባትሪ ይበላል፣ የጎማውንም ጥርስ ከሁለቱ ዳር ይጨርሰዋል።

ጎሚስታ (ታይዋን ገበያ አካባቢ)፦
በሙያው ያለሁ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ መኪኖች ሆዳቸው ሙሉ ባትሪ ነው፤ ክሪክ መሃል ላይ ከገባ ባትሪውን ይጎዳል። ከበሮቹ ሥር ዳር ላይ ምልክት ያለበት ቦታ አለ፣ እዚያ ብቻ ይግባ። ባለሙያው ካላወቀ አሳዩት፣ አትፈሩ። ቁጥሩን ስክሪን ላይ የምታዩባቸው መኪኖች ቸርኬው ውስጥ ቫልቩ ጋ ሴንሰር አላቸው፤ ጎማው ሲፈታ በፌሮ እንዳይሰበር አስቀድማችሁ ንገሩት። ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ነው ያላቸው። ፈሳሹ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ አይሠራም። ካስገባችሁትም ሳትደብቁ ንገሩን። የቫልቩ ክዳን ከጠፋ ቶሎ ተኩት፤ የእኛ አቧራ ይገባና ቀስ እያለ ያስተነፍሳል።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጣችሁ። ግን ቤት ውስጥ መሙያ የለኝም፣ ጎሚስታ ቤት እስክደርስ ጎማው ይሞቃል። ያኔስ?

የለገሃሬ ሹፌር፦
ከ2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ካልበለጠ እና ቀስ ብለሽ ከሄድሽ እንደ ቀዝቃዛ ይቆጠራል። ከራቀ ግን ጠዋት የጎደለውን መዝግቢ፦ 31 ከሆነ 5 ጎድሏል። እዚያ ስትደርሺ መለኪያው ስንትም ይበል፣ በዚያው ላይ 5 ያስጨምሩልሽ። በማግስቱ ጠዋት ደግመሽ እዪው። ከመኪናው የ12 ቮልት መሰኪያ ላይ የሚሠራ ትንሽ መሙያ ብትገዢ ግን ከዚህ ሁሉ ትገላገያለሽ፤ በወር አንዴ፣ ረጅም መንገድ ስትወጪም ቀድመሽ ለኪው።