ያረጀ የቦርዶ ቀይ ወይን ስለመክፈት ምክር እጠይቃለሁ

ስለ ወይን ጠጅ አከፋፈትና አቀማመስ ልምድ ያላችሁ ሁሉ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በእጄ ያለው በፈረንሳይ ቦርዶ ክልል ፖያክ በተባለው አካባቢ የተጠመቀ፣ ዝነኛ ከሆነው ከ1982 እ.ኤ.አ. የወይን ምርት የተገኘ ቀይ ወይን ነው። ጠርሙሱን በብርሃን ፊት ስመለከተው የወይኑ መጠን ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ላይ ደርሷል፤ በቡሹ ዙሪያም ፈሶ የደረቀ ጥቁር ምልክት ይታያል። አተላው እንዲዘቅጥ አቁሜ አስቀምጬዋለሁ።

የተቸገርኩት ከዚህ በኋላ ባለው ነው። አተላውን ለመለየት ወይኑን ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ቀስ ብሎ መገልበጥ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ይህን ያህል ያረጀ ወይን አየር ሲያገኘው መዓዛው ፈጥኖ ስለሚጠፋ፣ ገና ላልበሰለ ወይን የሚበጀው ረጅም ማናፈስ ይህንን የሚጎዳው ይመስለኛል። የፖያክ ወይን ሲያረጅ የሚያወጣው የአርዘ ሊባኖስና የትምባሆ ሽታ ሳንቀምሰው እንዳያመልጠን በጣም እሰጋለሁ። ልገልብጠው ወይስ በቀጥታ ወደ ብርጭቆ ልቅዳው? ከገለበጥኩትስ ከመቅመሳችን ምን ያህል ቀደም ብዬ ይሁን? ቡሹ እንዳይፈረፈር ከጠመዝማዛው መክፈቻ ይልቅ ሁለት ስስ የብረት ምላስ ያለው ይሻላል? የመጠኑ መውረድስ ወይኑ መበላሸቱን ያረጋግጣል ወይስ ቀምሶ መፍረድ ይገባል?