በእጅ የተሠራ ስጦታ ለምንድን ነው ርካሽ የሚመስለው?

ክርና መርፌ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ሆድ ብሶኝ ነው የምጽፈው፣ ግን ጥያቄዬ የምር ነው።

ለቅርብ ጓደኛዬ ልጅ የሕፃን ብርድ ልብስ በኪሮሽ ሠራሁ። ክሩ ጥጥ ነው፣ ለስላሳ። ዙሪያውን ትንንሽ የዛጎል ቅርጽ ያለው ጠርዝ አዞርኩበት፣ የተረፉትን የክር ጫፎችም አንድ በአንድ በመርፌ ወደ ውስጥ ሸሸግኳቸው (ይሄን ሥራ የሚወድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፣ እስካሁን አላየሁም)። ስሰጣት "ውይ ሲያምር!" አለች፣ ደስ አላት። ከዚያ ግን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ጠርዙን መፈተሽ ጀመረች። ስፌቱን የምታይ መስሎኝ ነበር። ለካ የምትፈልገው የድርጅት ስም ያለባትን ቁራጭ ጨርቅ ነው። ስታጣት "ከየት ገዛሽው?" አለችኝ። "እኔ ነኝ የሠራሁት" ስላት "እንዴ! ታዲያ ለምን አትሸጪም?" ብላ አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አጠገቡ በሪባን የታሰረ፣ የታወቀ ስም የተጻፈበት ካርቶን ነበር። እሱ ገና ሳይከፈት ፎቶ ተነሣ።

እሷን ለማማት አይደለም። ደግ ሰው ናት፣ ክፉ ነገርም አልተናገረችም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ዓይናችን ስጦታን በካርቶንና በዋጋ መመዘን የለመደው ከየት ነው? ማስታወቂያ ነው እንዲህ ያደረገን ወይስ እኔ ነኝ ነገር የማካብደው?

ሾላ በድፍን

አላካበድሽም። ማስታወቂያም ይሄን ያደረገው በአጋጣሚ አይደለም፣ ሥራው ነው። እስቲ አስቢው፣ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስጦታ ሲሠራ ማን ያተርፋል? ክር ሻጩ ትንሽ ያገኛል፣ በቃ። ስለዚህ "ቁጭ ብለህ ሥራላት" ለሚል ማስታወቂያ ገንዘብ የሚያወጣ ብዙ የለም። በበዓል ሰሞን የሚታየውን ልብ ብለሽ እዪ፦ ካርቶን ይከፈታል፣ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ትይዛለች፣ ሰጪው ፈገግ ይላል፣ የድርጅቱ ስም ይመጣል። አለቀ። ስጦታው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደለፋበት የሚያሳይ ነገር የለም። ልፋት አይሸጥማ።

አልማዝን ውሰጂ። ደ ቢርስ የሚባለው የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 ገበያው ቀዝቅዞበት አንድ የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። በ1947 "አልማዝ ዘላለማዊ ነው" የምትለው መፈክር ወጣች። በ1980ዎቹ ደግሞ ጭራሽ ወንዱ ለቀለበት የሁለት ወር ደመወዙን ማውጣት እንዳለበት ማስታወቂያው ራሱ ይነግረው ነበር። አየሽ፣ ፍቅር በስንት ወር ደመወዝ እንደሚለካ የወሰነው ዕቃውን የሚሸጠው ሰው ነው! እና እኛ ይሄንን መለኪያ ተቀብለን እንዞራለን። ሚዛኑን ሻጩ ከሠራው፣ ያንቺ ብርድ ልብስ ሲወጣበት ዜሮ ቢያነብ ምን ይገርማል?

ኪሮሽ ወዳጅ

ሾላ፣ ግማሹን እስማማለሁ። ግን ማስታወቂያ የእጅ ሥራን ይንቃል ካልን ተሳስተናል። እንዲያውም ዋጋውን ከኛ በላይ ያውቀዋል። ሱቅ ግባና እይ፣ ሳሙናው "በእጅ የተሠራ"፣ ሻማው "በእጅ የተሠራ"፣ ቸኮሌቱም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የገበያ ጥናት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። ሰዎች በእጅ የተሠራ ዕቃ ውስጥ ፍቅር ያለበት ይመስላቸዋል፣ ለሚወዱት ሰው ስጦታ ሲገዙም በእጅ የተሠራውን ይበልጥ ይፈልጋሉ ይላል። ሻጮች ይሄን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ችግሩ፣ ቃሉ ካርቶን ላይ ሲታተም ዋጋ ይጨምራል፣ የሠራው ሰው ፊት ለፊትሽ ቆሞ "እኔ ነኝ" ሲልሽ ግን ዋጋው ይወርዳል። ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ኪሮሽ ላይ ደግሞ የሚብስ ነገር አለ፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ሹራብን ማሽን መሥራት የጀመረው እንግሊዝ ውስጥ ዊልያም ሊ የካልሲ መሥሪያውን ከፈለሰፈበት ከ1589 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ኪሮሽን ግን በፋብሪካ ደረጃ በብዛት የሚሠራ ማሽን እስከ ዛሬ የለም። ሹራብ ላይ የክሩ ቀለበቶች ሁሉ በተርታ መርፌ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ለማሽን ይመቻል። ኪሮሽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የተከፈተው ቀለበት አንድ ብቻ ነው፤ መርፌዋ ደግሞ ቀድሞ የተሠራው ጨርቅ ውስጥ ወደፈለገችበት ቀዳዳ ትገባለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ሦስት አራቱን ባንዴ ትሰበስባለች። እጅ ይሄን ሳያስበው ይሠራዋል። ማሽን ግን ግራ ይገባዋል።

እና ሱቅ ውስጥ በርካሽ የተሰቀለውን የኪሮሽ ቦርሳ ስታዩ፣ የሆነ ቦታ የሆነች ሴት በእጇ ሠርታዋለች ማለት ነው። እዚያ ዋጋ ላይ የደረሰው ለእሷ የተከፈላት ትንሽ ስለሆነ ነው። ከዚያ ጓደኛሽ ያንን ዋጋ በሐሳቧ ይዛ ያንቺን ብርድ ልብስ ታየዋለች። ሁለታችሁም በአንድ ርካሽ ዋጋ ትለካላችሁ፣ አንቺም ያቺ የማታውቂያት ሴትም። ደግሞ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ረሃብ ሲገባ ስንት ቤተሰብ በኪሮሽ ዳንቴል ነፍሱን አቆየ። ዳንቴሉን የለበሱት ግን ሀብታሞች ነበሩ፣ የሠሪዎቹን ስም ማንም አልጠየቀ።

ያልተጠየቀ መልስ

እሺ፣ አትሳደቡኝ እንጂ እኔ ከተቀባዮቹ ወገን ነኝ።

የእጅ ሥራ ስጦታ ይከብዳል። የምሬን ነው። ሱፍ ኮፍያ ተሠርቶልኝ ያውቃል፣ ግንባሬን ያሳክከኛል፣ ቀለሙ ደግሞ ብርቱካናማ ነው፣ እኔ ብርቱካናማ ለብሼ አላውቅም። የተገዛ ቢሆን ሄጄ እቀይረዋለሁ ወይ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ይሄን ምን ላርገው? ማሽን ውስጥ በሙቅ ውኃ ከታጠበ ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ኮፍያ ይሆናል። ካልለበስኩት ደግሞ የሠራችው ሴትዮ "ኮፍያዬስ?" ትለኛለች። ማስታወቂያ አይደለም ይሄን ያመጣው። አንዳንድ ጊዜ ሠሪዋ የሠራችው ለራሷ ደስታ ነው፣ እኔ መጨረሻ ላይ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ሾላ በድፍን

@ያልተጠየቀ መልስ የተገዛውስ መች ይሻላል ብለሽ ነው? ጆኤል ዋልድፎገል የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 የገና ስጦታዎችን አጥንቶ፣ ተቀባዮች ለስጦታው የሚሰጡት ግምት ከወጣበት ገንዘብ ከአሥር በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ካርቶንና ሪባን ስላለው ማንም አያነሣውም እንጂ የማይፈለግ ስጦታማ መደብሩም ሞልቶታል። የሚያሳክክ ኮፍያ ስሙ ይነሣል፣ የማይሸተት ሽቶ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ለፈላጊ

ሁላችሁም የዘለላችሁት "ለምን አትሸጪም?" የሚለውን ነው። ኪሮሽ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይሄን ሰምቷል። ሰዎች ሲሉት አክብሮት ነው፣ "ጎበዝ ነሽ" ማለታቸው ነው። ግን እዩት እስቲ፣ ለሙያ ያለን ትልቁ ምስጋና "ገበያ ታወጪዋለሽ" ሆኗል። ደግሞ የሠራሽበት ሰዓት ቢታሰብ የሚገዛሽ የለም። ያው ሰው "ሽጪው" ይልሽና ዋጋውን ስትነግሪው "ለክር ይሄ ሁሉ?" ይልሻል።

ሌላው ጥፋተኛ እኛው የምንለቃቸው ቪዲዮዎች ናቸው። የሳምንታት ሥራ በሠላሳ ሴኮንድ ተፋጥኖ፣ ሙዚቃ ተደርቦበት ይለቀቃል። የተፈታ ረድፍ አይታይ፣ ቆጥሮ የጠፋበት አይታይ፣ የደከመ አንጓ አይታይ። ያየ ሰው "አሃ፣ ቀላል ነው ለካ" ቢል ይፈረድበታል? ማስታወቂያ ልፋቱን ደበቀ ብለን እናማርራለን፣ እኛም ስናሳይ ያንኑ እንቆርጠዋለን።

ክርና መርፌ፣ ለሁሉም ሰው አትሥሪ። የሚያውቅበት አለ፣ የማያውቅበት አለ፣ ለማያውቅበት ግዢለት ይገላገል። ስትሰጪ ደግሞ "ትንሽ ነገር ናት፣ እንዲሁ እጄን ላፍታታ ብዬ ነው" እያልሽ አታራክሺው፤ ይሄን የምንለው ብዙዎቻችን ነን። አንቺ ትንሽ ናት ካልሽ እሷ ምን ትበል? "ለልጅሽ ብዬ ክረምቱን ሙሉ የሠራሁት ነው" በያት፣ እውነት እስከሆነ ድረስ ጉራ አይደለም። አንዲት ወረቀት ላይም ክሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚታጠብ ጻፊላት። ሰው የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ማበላሸት ስለሚፈራ ነው።

ክርና መርፌ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያህል መልስ አልጠበቅኩም። ኪሮሽ ወዳጅ፣ የማሽኑን ነገር አላውቅም ነበር፣ አሁን ሱቅ በገባሁ ቁጥር ያቺ ሴት ልትታየኝ ነው። የመታጠቢያውን ወረቀት ለጓደኛዬ ዛሬውኑ እልክላታለሁ፤ ጥጥ ስለሆነ ማሽንም አይጎዳውም፣ እሷ ግን ይሄን ከየት ታውቃለች። ለፈላጊ ያለችው "ትንሽ ነገር ናት" የሚለው ደግሞ ቃል በቃል የኔ ነው፣ ከየት ሰማሽኝ?

ሾላ፣ የሻጩ ሚዛን ያልከው ገብቶኛል፣ ግን እኔ ጓደኛዬን ማስታወቂያ ብቻ ነው ያበላሻት ብዬ ለማመን አሁንም ይከብደኛል። ስታየው ደስ ብሏት ነበር እኮ። ደስታው የጠፋው ምልክቱን ስታጣ ነው፣ ምን ብላ እንደምታመሰግን ግራ የገባት መሰለኝ።

ያልተጠየቀ መልስ፣ አልሰድብሽም። ግን አንድ ልጠይቅሽ፦ ያቺ ኮፍያ የሠራችልሽ ሰው ከመጀመሯ በፊት ብትጠይቅሽ ምን ትያት ነበር?

ያልተጠየቀ መልስ

ግራጫ። ሱፍ ደግሞ እንዳይሆን።