ለሌክ ላኒየር የሚሆን ፖንቱን ጀልባ፦ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?

የሁለት ልጆች አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አትላንታ ነው። ከወንድሜ ጋር ሆነን እዚሁ ጆርጂያ ባለው ሐይቅ፣ ሌክ ላኒየር ላይ ቤተሰቡን የምናዝናናበት ያገለገለ ፖንቱን ልንገዛ አስበናል፤ ያው ከሥሩ ባሉ አየር የያዙ የብረት ቱቦዎች የሚንሳፈፈው ጠፍጣፋ ጀልባ ማለቴ ነው። ሁለት አይተን መወሰን አቃተን። ሁለቱም 22 ጫማ ናቸው፤ ሶፋው፣ ጥላው፣ ጠረጴዛው ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ከሥሩ ሁለት ቱቦ አለው፣ ሞተሩ 90 የፈረስ ጉልበት ነው። ሌላው ሦስት ቱቦ፣ ሞተሩ 150፣ ዋጋውም ጠንከር ያለ ነው። የምንወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሆን አዋቂና ልጅ ተደምሮ አሥር እንሆናለን፤ ጉልበቷን የሚያማት እናቴም አለች። ፍጥነት አንፈልግም። ምግባችንን ይዘን ልጆቹ ዋኝተው እንመለሳለን። ለሦስተኛው ቱቦ ያን ያህል መጨመር ያዋጣል? የምጎትተው በቶዮታ ሲየና ነው።

የላኒየር ደንበኛ፦
ወንድሜ፣ ፍጥነት ባትፈልግም ሦስት ቱቦውን ውሰድ። ላኒየር በሰመር ቅዳሜ ትልልቅ ጀልባ ስለሚበዛበት ማዕበሉ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው። ልጆች ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው የሚሰበሰቡት፣ ያኔ ሁለት ቱቦው አፍንጫውን ደፋ ያደርግና ውሃው በፊት በር ገብቶ ምግባችሁን ያርሰዋል። ትንሽ ሐይቅ ቢሆን ሁለቱ ይበቃሃል እልህ ነበር። ደግሞ መሪው አካባቢ የተለጠፈውን አንብብ፣ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚችል ተጽፏል። አሥር ሰው ከነበረዶ ሳጥኑ ጫፍ ላይ የሚያደርስህ ከሆነ ተወው።

የጀልባ መካኒክ፦
በሲየና ነገር አልስማማም። አዲሱ ሲየና የሚጎትተው እስከ 3,500 ፓውንድ ነው። ሦስት ቱቦው ከነሞተሩ፣ ከነቤንዚኑና ከነተጎታቹ ያልፈዋል። ወይ ሐይቁ ዳር ማሪና (የጀልባ ወደብ) ላይ ማቆሚያ ተከራይ፣ ወይ ሌላ መኪና ፈልግ፤ ሒሳቡን ዋጋው ላይ ደምረህ አወዳድር።
ሳትከፍል ደግሞ ውሃ ላይ ሞክረው። ሲወጣ ከሥሩ ግባና የቱቦውን ብየዳ እየው። ቱቦው ከኋላ የውሃ ማውጫ ቡሽ ካለው ክፈተው፣ ውሃ ከፈሰሰ ቱቦው ያስገባል ማለት ነው። ወለሉን በእግርህ ጫን ጫን በል፣ ከረገበ ከምንጣፉ ሥር ያለው እንጨት በስብሷል። የሞተሩ የማርሽ ዘይት ወተት ከመሰለም ውሃ ገብቶበታል። እንዲህ ከሆነ ቱቦው ሦስትም ይሁን አራት አትግዛው።

እማማ ከላውረንስቪል፦
እኔ የምለው እናትህን ይዘሃቸው ሂድ። በጎን በር ሲገቡ እግራቸውን ስንት ማንሳት እንዳለባቸው፣ የሚይዙት ነገር እንዳለ እዚያው ታያለህ። ጆርጂያ ውስጥ ጀልባው እየሄደ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይፍ ጃኬት ማድረግ ግዴታ ነው። ልጆች ከአጥሩ ውጭ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው እግራቸውን እንዳያንጠለጥሉ! ከወደቁ ጀልባው በላያቸው ያልፋል፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ ከኋላ ነው። መሰላሉ ላይ ሲወጡና ሲወርዱም ሞተሩን አጥፉ፤ ከሞተሩ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።

የሁለት ልጆች አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቱቦውን መርጠናል፣ ሻጩ ለሙከራ እሺ ካለ እናቴም ትመጣለች። ማቆሚያውን በየት በኩል ልፈልግ?

የላኒየር ደንበኛ፦
ቡፎርድ በኩል ለአትላንታ ይቀርባል፣ ግን ግርግሩም እዚያ ነው። ልጆች ስላሉህ ወደ ጌይንስቪል ወጣ በል።