6,200 ጂን «ልዩነት አለው» አለኝ፤ ልመን?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 12 ናሙና አለኝ፤ 6 የታመሙ፣ 6 ጤነኞች። እያንዳንዱ ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን የአር ኤን ኤ ቆጠራ፣ ሁለት ወገን የሚያወዳድር ዲሴክ 2 የሚባል ሶፍትዌር ላይ አስገባሁት። ከ20,000 ገደማ ጂን 6,200ው ልዩነት አለው አለኝ። ብዙ ፈተና ሲሠራ በአጋጣሚ የሚወጣውን በሚቀንሰው በቤንጃሚኒ-ሆክበርግ ዘዴ አስተካክዬ ነው፣ 5 በመቶ ላይ። አማካሪዬ ደስ ብሎታል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በሽታው ቀላል የሚባል ነው፤ እንዴት ሲሶ የሚጠጋውን ጂን ያናጋል? ጠበቅ የሚለውን ማስተካከያ፣ ቦንፈሮኒን ልጠቀም እንዴ?

ቆጣሪው፦
ማስተካከልሽ ልክ ነው። ባታስተካክዪ ኖሮ፣ ምንም ልዩነት በሌለበት እንኳ 20,000 ፈተና በ0.05 ተባዝቶ 1,000 ገደማ ጂን በአጋጣሚ ይወጣልሽ ነበር። ቦንፈሮኒ የ0.05ን ገደብ ወደ 0.0000025 ያወርደዋል። ዝርዝርሽ ያጥራል እንጂ ጥርጣሬሽ አይለቅሽም። ሁለቱም የሚከላከሉት አጋጣሚን ነው።

አሮጌ ፒፔት፦
እህቴ፣ ቀመሩን ለጊዜው ተዪው። አር ኤን ኤው የወጣው መቼ መቼ ነው? በአንድ ኪት (የማውጫ ዕቃ) ነው? ፒሲኤ (የሚመሳሰሉ ናሙናዎችን አቀራርቦ በነጥብ የሚያሳይ ሥዕል) ሥሪና ለነጥቦቹ በበሽታው ሳይሆን በቀኑ ቀለም ስጫቸው።

ጀማሪዋ፦
ወይኔ! የታመሙት ስድስቱም በአንድ ቀን ነው የተሠሩት። ጤነኞቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሌላ ኪት። ነጥቦቹም ሁለት ጎራ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ቀኑን ሞዴሉ ውስጥ ላስገባ ስል ደግሞ ሶፍትዌሩ እምቢ አለኝ።

አሮጌ ፒፔት፦
እምቢ ማለቱ ደግ አደረገ። ቀኑና በሽታው ተጣብቀዋል፤ የትኛው ልዩነት የማን እንደሆነ ከቁጥሩ ብቻ ማንም አይለይልሽም። የቀን ልዩነት የሚያጠፋውን ዘዴ፣ ኮምባትን ሞክሪ የሚልሽ አይጠፋም። እሱም ቀኑን አጥባለሁ ብሎ በሽታውንም አብሮ ያጥበዋል።

ይሄን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የስምንት ወር ልፋቴ በዚሁ ገደል ገብቷል። ቱቦዎቹን የታመመ በግራ፣ ጤነኛ በቀኝ ብዬ ደርድሬ በየተራ ሠራኋቸው። ሲታይ እንዴት ያምር ነበር! አሁን ዕጣ ሳላወጣ አንድ ቱቦ አልከፍትም።

የተረፈ ናሙና ካለሽ ድገሚው። በየዙሩ 3 ከታመሙ፣ 3 ከጤነኞች። ያኔ ቀኑ ሞዴሉ ውስጥ ይገባልሻል። የቆየውን ዳታ ከአዲሱ ጋር እንዳትቀላቅዪው ብቻ።

ቆጣሪው፦
ዝርዝሩ አናት ላይ ኤግዚስት የሚባለው ጂን አለ? እሱ በብዛት የሚሠራው በሴቶች ነው። ካለ፣ አንዱ ወገን ላይ ሴት በዝቷል ማለት ነው፤ ከፊሉ ልዩነት የበሽታው ሳይሆን የጾታ ሊሆን ይችላል።

ጀማሪዋ፦
ሦስተኛ ላይ ቁጭ ብሏል። ፍሪዘሩን ልፈትሽ ሄጃለሁ።