ኮንዶሚኒየም ላይ ቆሻሻና ወጪ ለመቀነስ ከየት ልጀምር?

የአራተኛ ፎቅ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰባችን አምስት ነው፣ ግቢ የለንም፣ ያለችን ጠባብ በረንዳ ብቻ ናት። የቆሻሻ ማኅበር ልጆች ሲመጡ የማወጣው ጆንያ ሁሌም ሙሉ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ልጣጭና የጎመን እንጨት። የመብራት ሂሳቡ እየጨመረ ነው፣ ውሃው በፈረቃ ነው። ሶላር ምናምን የሚባለው ለኛ አይሆንም፣ ጣራው የጋራ ነው። ፌስታል ትቼ ዘንቢል መያዝ ጀምሬአለሁ፣ ግን እሱ ብቻ በቂ አልመሰለኝም። አዲስ ዕቃ ሳልገዛ፣ ባለኝ ነገር፣ እውነት ለውጥ የሚያመጣው የቱ ነው?

ሰሚት ነኝ

እህቴ፣ ከምጣዱ ጀምሪ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ አንድ ኤልኢዲ አምፖል ደግሞ 9 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አምፖል ስናጠፋ ውለን ምጣዱን በየሁለት ቀኑ ለአምስት ስድስት እንጀራ ከጣድነው ምንም አላተረፍንም፣ ምክንያቱም ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ ምጣዱ እስኪግል የሚበላው መብራት በየጊዜው እንደ አዲስ ይቆጥራል። ሰብሰብ አድርገሽ በሳምንት አንዴ ጋግሪ። ጎረቤትሽ ፈቃደኛ ከሆነች ሳይቀዘቅዝ ተከታትላችሁ ጋግሩ። የመጨረሻዋ እንጀራ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በሙቀቱ ትበስላለች፣ ከሷ የተረፈው ሙቀት ድርቆሽ ያደርቃል።

ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ግን አትጋግሪ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚጠቀም ኃይሉ ይወርዳል፣ ምጣዱም ቶሎ አይግልም። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል።

ቆስጣ በበረንዳ

ምጣዱ ልክ ነው፣ እኔ ግን ከጆንያው ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። ልጣጭ ቆሻሻ አይደለም! ተጭኖ ሄዶ ክምር ስር ሲቀበር አየር ስለማያገኝ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ መጋቢት 2009 ላይ ሲደረመስ ከ100 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ እዚያ ክምር ላይ የምንጨምረውን መቀነስ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ያረጀ የቀለም ባልዲ ፈልጊ፣ ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሺው፣ ከስሩ ሳህን አድርጊ። መጀመሪያ የተቀዳደደ ካርቶን ወይም ሰጋቱራ አንጥፊ። ከዚያ ልጣጩን ከትፈሽ ጨምሪ፣ የቡና አተላም ይገባል፣ የእንቁላል ቅርፊትም ተፈጭቶ። ዋናው ነገር እርጥቡን በጨመርሽ ቁጥር በደረቅ መሸፈን ነው፣ ደረቁ እንዲያውም ከእርጥቡ ይብዛ። በሳምንት አንዴ በዱላ አገላብጪው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ወጥ አይገባም፣ አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። ሦስት አራት ወር ላይ ጥቁር አፈር ይሆናል፣ ከተራ አፈር ጋር ቀላቅለሽ ቆስጣ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ ትተክያለሽ። የተበከለ የወንዝ ውሃ የጠጣ ቆስጣ ከመብላት ደግሞ ይሻላል።

ሃይላንዱን ለብቻ አጠራቅመሽ ለቆራሌው ስጪው፣ ይወስደዋል።

ላቀች

ከሰልን ማንም አላነሳውም እኮ። የኛ አገር መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ግድብ ነው የሚመጣው፣ ከሰል ደግሞ ዛፍ ተቆርጦ ነው። ወጥ በከሰል የምትሠሪ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ አዙሪ። በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ሰው እንደሚገድል ደግሞ አትርሺ፣ የሚገድለው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ላቀች ምድጃ ይኑርሽ፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ነው የሚፈጀው።

የአራተኛ ፎቅ እናት

ተባረኩ። ከሰል የምንጠቀመው ለቡና ብቻ ነው፣ አማቴ ያለ ከሰል ቡና አይጥማቸውም፣ እሱን አልነካባቸውም። ምጣዱን ግን ለጎረቤቴ ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ባልዲው ላይ ሁለት ጥያቄ አለኝ፦ አይሸትም ወይ? ሰጋቱራውስ ከየት ይገኛል? በፈረቃ ስለሚመጣው ውሃስ ምን ትላላችሁ?

ሰሚት ነኝ

ለአማትሽ ቆልተሽና አፍልተሽ በምድጃ ጨርሺ፣ ረከቦቱ ጋ ለዕጣኑና ጀበናው እንዳይቀዘቅዝ ትንሽ ፍም ብቻ ይኑር። ያ ብዙ ከሰል ያተርፋል።

ውሃ ላይ፣ የሽንት ቤቱን ታንከር አጣሪው። ማታ ትንሽ የቡና አተላ ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሪ፤ ማንም ሳይለቀው ጠዋት ሳህኑ ውስጥ ቀለሙን ካየሽው ጎማው ያፈሳል ማለት ነው፣ ለመቀየር ቀላል ዕቃ ነው። የልብስ የመጨረሻውን እጣቢ ደግሞ አትድፊው፣ ለሽንት ቤት ይሆናል።

ቆስጣ በበረንዳ

ከሸተተ እርጥበቱ በዝቷል፣ ካርቶን ጨምሪና አገላብጪው፣ በሁለት ቀን ይተዋል። ትንንሽ ዝንብ ካየሽም መልሱ ያው ደረቅ ማልበስ ነው። ሰጋቱራ የእንጨት ሥራ ቤት ጠይቂ፣ ግን ቀለም ወይም ቫርኒሽ ያልነካው መሆኑን አይተሽ ውሰጂ። ኮምፖንሳቶ የተላገበትንም ተዪው፣ ሙጫ አለበት።